በጥንቱ የጀርመን ፊደል ታፔላ ለሚሠሩ፦ ካፒታል ፊደሉን ይተዉት

«ሙኒክ ለሚከፈት ምግብ ቤት ‹ጋስትሃውስ› (Gasthaus) የሚለውን ቃል በጥንቱ የጀርመን ፊደል፣ ሁሉንም በካፒታል ጽፌ ባሳየው ባለቤቱ ራሱ ማንበብ አቃተው፤ ፎንት ልቀይር ወይ?» ብለው ለጠየቁት፣ እኔም በዚያው አገር ታፔላና ሜኑ ስሠራ የገጠመኝ ጉዳይ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ። ፎንቱን ከመቀየርዎ በፊት ካፒታሉን ይተዉት።

ይህ የጥንቱ ፊደል፣ ብላክሌተር የሚባለው ቤተሰብ፣ ልክ እንደ ቁም ጸሐፊዎቻችን የመቃ ብዕር፣ ጫፉ ጠፍጣፋ በሆነ ብዕር ከተጻፈ የእጅ ጽሕፈት የተወለደ ነው። በትንንሾቹ ፊደላት ወፋፍራም ቋሚዎች እኩል ተራርቀው ይደረደራሉ፤ በመካከላቸው የሚቀረው ነጭ ቦታም የቋሚውን ውፍረት ያህል ስለሚሆን ገጹ ከሩቅ የተሸመነ ጨርቅ ይመስላል። ጉተንበርግ እ.ኤ.አ. በ1455 ገደማ ባለ42 መስመሩን መጽሐፍ ቅዱስ ያተመበት ዓይነት «ቴክስቱራ» መባሉም ከላቲኑ የሽመና ቃል የመጣ ነው። ካፒታሎቹ ግን በቃል መነሻ ላይ ብቻቸውን እንዲቆሙ የተሣሉ፣ ሆዳቸው የተነፋና በቀጫጭን መስመር ያጌጡ ስለሆኑ፣ የቃልዎን ስምንት ፊደላት በካፒታል ጎን ለጎን ሲያሰልፏቸው አንዱ ሌላውን ይጋፋል።

ቴክስቱራ ለታፔላ ጠበብ ስለሚል እኔ ሌላውን የብላክሌተር ዓይነት፣ ፍራክቱርን እመርጣለሁ። ፍራክቱር ከጀርመኑ ቀዳማዊ አፄ ማክሲሚሊያን ቤተ መንግሥት የወጣ ሲሆን፣ የንጉሡ የጸሎት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1513 አውግስቡርግ ላይ ታተመ። (በዚያው ዓመት የኮሎኙ ዮሐንስ ፖትከን የግዕዙን ዳዊት ሮም ላይ ማሳተሙ ሁልጊዜ ይገርመኛል።) ደንበኛዎ «ይህ የናዚ ፊደል አይደለም ወይ?» ቢሉ፣ ናዚዎቹ ራሳቸው እ.ኤ.አ. ጥር 3 ቀን 1941 የናዚ ፓርቲ ሹም የነበረው ቦርማን በፈረመው ደብዳቤ እንዳገዱት ይንገሯቸው። ይሁን እንጂ እንደ ታነንበርግ ያሉት፣ በ1930ዎቹ የወጡት ደረቅና ማዕዘናም ዓይነቶች የዚያን ዘመን ጠረን ስለማይለቃቸው ለምግብ ቤት አልመክራቸውም።

ከሁሉ የሚያሳፍረው ስሕተት የኤስ ነው። በዚህ አጻጻፍ ኤስ ሁለት መልክ አለው፦ በክፍለ ቃል መነሻና መካከል ረጅሙ፣ መጨረሻ ላይ ክቡ ይገባል። ጀርመኖች «ዘብ ክፍል» እና «የሰም ቱቦ» የሚሉባቸው ቃላት በፊደል አንድ ሲሆኑ፣ የሚለያቸው ረጅሙ ወይም ክቡ ኤስ ብቻ ነው። እኔ ለአንድ ዳቦ ቤት በሠራሁት ታፔላ ሁሉንም ክብ አድርጌ ሰቀልኩት፤ በማግስቱ አንዲት አሮጊት ደንበኛ በከዘራቸው ጫፍ ፊደሉን እየነኩ ስላረሙኝ በራሴ ወጪ እንደገና አሠራሁት። በእርስዎ ቃል ውስጥ የመጀመሪያው ረጅም፣ የመጨረሻው ክብ ነው። ረጅሙ በተራ ኪቦርድ ላይ ስለሌለ ከፎንቱ የምልክት ሠንጠረዥ ይውሰዱት፤ የዩኒኮድ ቁጥሩ በአሥር ቤት ሲቆጠር 383 ነው።