የጋራ ዋይፋይና የግል ፎቶ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ዋይፋይ በጋራ ሲጠቀሙ ፎቶ የሚያፈተልከው አብዛኛውን ጊዜ በጠላፊ ብልጠት አይደለም፤ ባለቤቱ ራሱ ከፍቶ በረሳው ሼር (በኔትወርኩ ላሉ ሌሎች ክፍት በተደረገ ፎልደር) ነው። የዛሬዎቹ ጥያቄዎችም አብዛኞቹ እዚያው ላይ ያርፋሉ።

ጥያቄ፦ አንድ ዋይፋይ ለአምስት እንጠቀማለን። በቴሌግራም የምልከውን ፎቶ ሌሎቹ መሃል ላይ ጠልፈው ማየት ይችላሉ?

መልስ፦ አይችሉም። ቴሌግራምም ሆነ ዋትስአፕ ፎቶው ከስልክዎ ከመውጣቱ በፊት ይመሰጥሩታል። ድረ ገጽ ላይ የሚጭኑ ከሆነ አድራሻው በኤችቲቲፒኤስ (https) መጀመሩን ይዩ። ራውተሩን የሚቆጣጠረው ሰው የትኛውን አገልግሎት፣ መቼ፣ ምን ያህል ሜጋባይት እንደተጠቀሙ ሊያውቅ ይችላል፤ ምስሉን ግን አያየውም። ብሮውዘሩ የገጹ ሰርተፍኬት (የማንነት ማረጋገጫው) ትክክል አይደለም ብሎ ካስጠነቀቀ ግን አልፈው አይግቡ። መሃል የገባ ሰው ካለ ብዙ ጊዜ የሚጋለጠው በዚሁ ማስጠንቀቂያ ነው።

ጥያቄ፦ የላፕቶፔ የፎቶ ፎልደር አብሮኝ በሚኖር ሰው ኮምፒውተር ላይ ታየ። ተጠልፌ ነው?

መልስ፦ ሳይሆን አይቀርም ብለው አይደንግጡ፤ መጀመሪያ የራስዎን ሼር ይፈትሹ። ዊንዶውስ ላይ የስታርት ምልክቱን በቀኝ ክሊክ ተጭነው ኮምፒውተር ማኔጅመንት ይክፈቱ፤ ሼርድ ፎልደርስ፣ ከዚያ ሼርስ ውስጥ ይግቡ። ለኔትወርኩ የተከፈተው ሁሉ እዚያ ተዘርዝሯል። ስማቸው በዶላር ምልክት የሚያልቁት አብዛኛውን ጊዜ የዊንዶውስ የራሱ ስለሆኑ አይንኳቸው። የማያስፈልግዎትን በቀኝ ክሊክ ስቶፕ ሼሪንግ ይበሉት።

ይህ ብቻውን አይበቃም። ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ዋይፋይ ብለው የተገናኙበትን ኔትወርክ ይክፈቱና ፐብሊክ ያድርጉት። ፕራይቬት ከሆነ ኮምፒውተርዎ ለሌሎች ራሱን ያሳያል። ምርጫው ለእያንዳንዱ ዋይፋይ ለየብቻ ስለሚቀመጥ ቤት ያስተካከሉት ቢሮ ላይ አይሠራም። በመጨረሻ በአድቫንስድ ሼሪንግ ሴቲንግስ ውስጥ ፓስወርድ ፕሮቴክትድ ሼሪንግ መብራቱን ያረጋግጡ። ብዙ ሰው ፋይል አልከፈት ሲለው ያጠፋውና በዚያው ይረሳዋል፤ ያኔ ለሁሉም ሰው ሼር የተደረገ ፎልደር ያለ ፓስወርድ ይከፈታል።

ጥያቄ፦ ፎቶዎቼን ከስልክ ወደ ኮምፒውተር የማሳልፈው በኤፍቲፒ (FTP፣ ፋይል በኔትወርክ ማስተላለፊያ) አፕ ነው። ችግር አለው?

መልስ፦ በጋራ ዋይፋይ ላይ፣ አዎ። ተራ ኤፍቲፒ ምንም አይመሰጥርም፤ ፎቶውም ፓስወርዱም እንዳለ ነው የሚያልፈው። ዋይፋዩ ራሱ ተቆልፏል አይበሉ። በደብሊውፒኤ 2 (WPA2፣ የዋይፋይ መቆለፊያ ዓይነት) የዋይፋዩን ፓስወርድ የሚያውቅ ሰው፣ ስልክዎ ከራውተሩ ጋር ሲገናኝ የሚለዋወጧቸውን 4 መልእክቶች ከያዘ የእርስዎን ትራፊክ መፍታት ይችላል። ደብሊውፒኤ 3 ይህን ቀዳዳ ደፍኖታል። ቀላሉ መፍትሔ ኬብል ነው። ኬብል ከሌለ ኤስኤፍቲፒ (SFTP፣ የሚመሰጥር ማስተላለፊያ) ያለው አፕ ይጠቀሙ፤ ወይም የራስዎን ስልክ ሆትስፖት ያብሩና ኮምፒውተሩን በዚያ ያገናኙ። ሲጨርሱ የአፑን ሰርቨር (ፋይሉን ለኔትወርኩ ክፍት የሚያደርገውን) ያጥፉ፤ አፑን ከስክሪን ማውጣት ሁልጊዜ አያጠፋውም።

ጥያቄ፦ ለእንግዳ ፓስወርድ ስሰጥ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ራውተሩ ላይ ጌስት ኔትወርክ (ለእንግዳ የተለየ ዋይፋይ) ያብሩና የዚያን ፓስወርድ ይስጡ። እንግዶች ወደ ዋናው ኔትወርክ እንዲገቡ የሚፈቅድ ምርጫ ካለ ያጥፉት። ከዚያ ይሞክሩት፦ ስልክዎን በጌስቱ አገናኝተው የራውተሩን ገጽ ወይም የላፕቶፑን ሼር ለመክፈት ይጣሩ፤ ከተከፈተ አልተለየም ማለት ነው። በትክክል ከተለየ ደግሞ እንግዳው ቴሌቪዥን ላይ ቪዲዮ መወርወርም ሆነ ፕሪንተር መጠቀም አይችልም፤ ተበላሽቷል ብለው መልሰው እንዳይከፍቱት። ደብሊውፒኤስ (WPS) የሚባለውን፣ የዋይፋዩን ፓስወርድ ሳይጽፉ በቁልፍ ወይም በፒን የሚያገናኘውንም በዚያው ያጥፉ።

ጥያቄ፦ ከማላውቀው ሰው በኤርድሮፕ (በአይፎን ፋይል መላላኪያ) ፎቶ መጣልኝ። የእኔስ ፎቶ ይወጣል?

መልስ፦ አይወጣም፤ እርስዎ ካልላኩ የሚሄድ ነገር የለም። ኤርድሮፕ በራውተሩ በኩል አያልፍም፤ ሁለቱ ስልኮች በብሉቱዝና በዋይፋይ በቀጥታ ነው የሚገናኙት። ስለዚህ የዋይፋይ ፓስወርድ መቀየር እዚህ ላይ ዋጋ የለውም። ሴቲንግስ፣ ጄኔራል፣ ኤርድሮፕ ገብተው ኮንታክትስ ኦንሊ ያድርጉት። ከአይኦኤስ 16.2 ወዲህ ለሁሉም ክፍት የሚለው ምርጫ ከ10 ደቂቃ በኋላ በራሱ ይዘጋል። የአንድሮይዱ ኩዊክ ሼርም ተመሳሳይ ምርጫ አለው። የስልኩ ስም ላይ ሙሉ ስምዎ ካለ ደግሞ ይቀይሩት፤ አጠገብዎ ያለ ሰው የሚያየው እሱን ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ቪፒኤን ልግዛ?

መልስ፦ ለዚህ ከሆነ ገንዘብዎን ያቆዩ። ቪፒኤን ወደ ኢንተርኔት የሚወጣውን ይሸፍናል፤ ሼር አድርገው የረሱትን ፎልደር አይዘጋልዎትም።