እንቆቆ የኮሶ ትልን በእርግጥ ያስወጣል?

እህቴ፣ እንቆቆ ለኮሶ ትል ይሠራል ወይ፣ ውስጡስ ምን አለ ብለሽ ጠይቀሻል። ይሠራል። ዋናው ውህድ ኢምቤሊን ይባላል፤ ቤንዞኪኖን ከሚባሉት የኬሚካል ውህዶች ወገን የሆነ፣ ሲጣራ ብርቱካንማ ቀለም ያለው ነገር ነው። በብዛት የሚገኘው ፍሬው ውስጥ ነው። በውሃ እምብዛም አይሟሟም። ስለዚህ እናቶቻችን የደረቀውን ፍሬ ፈጭተው፣ ከነዱቄቱ በጥብጠው ማጠጣታቸው ምክንያት አለው።

ችግሩ መጠኑ ነው። የአንዱ ተክል ፍሬ ከሌላው እኩል ኢምቤሊን የለውም፤ በማንኪያ መለካትም አያዋጣም። ሲበዛ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል። ሲያንስ ደግሞ የትሉ አካል እየተቆረጠ ይወጣና ጭንቅላቱ አንጀት ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ከዚያ በሁለት ሦስት ወር ተመልሶ ያድጋል። ብዙ ሰው "ጠጥቼው አልሻረኝም" የሚለው በዚህ ይመስለኛል።

ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይም ለማርገዝ ካሰብሽ ግን በፍጹም እንዳትሞክሪው! ኢምቤሊን በእንስሳት ላይ ሲሞከር ፅንስን እንደሚያውክ ታይቷል።

እኔ ብሆን ሰገራ አስመርምሬ ፕራዚኳንቴል የሚባለውን የትል መድኃኒት እወስዳለሁ። ለኮሶ ትል በሰውነት ክብደት በኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም ተሰልቶ፣ አንዴ ብቻ ነው የሚዋጠው። ጥሬ ሥጋውንም ተይው፤ ትሉ የሚገባው በእሱ ነው።