«አባቴ ቁራሌ ይለዋል»

አንዲት የደሴ ልጅ ረጅም ደብዳቤ ጻፈችልኝ። አምና ከኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቃለች። እስካሁን ሥራ የላትም። አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ኮምፒውተሮቹን ሲያስወግድ ሦስት የድምፅ ካርዶች ከቁራሌው ሰውዬ በርካሽ ገዛች። ሳውንድ ብላስተር ላይቭ የሚባሉት ናቸው። ካርዱ ላይ ላለው ቺፕ ራሷ ፕሮግራም እየጻፈች የክራር ድምፅ አወጣችበት። የአጎቷ ልጅ ሰርግ ላይ ደግሞ ኮምፒውተሩን ዳስ ውስጥ ይዛ ገብታ የማሲንቆውን ማጉያ ሲረብሽ የነበረውን «ህምም» የሚል የመብራት ድምፅ አጠፋችው።

አባቷ ወፍጮ ቤት አላቸው። አምና ሞተሩ ተቃጥሎ ለማስጠቅለያ ተበድረዋል። «የባንክ ፈተና ውሰጂ፤ ይህን ቁራሌ ከቤቴ አውጪ» ይሏታል። አክስቷ በበኩሏ አረብ አገር ሂጂ ትላለች። ልጅቷ እንዲህ ስትል ትጠይቃለች፦ «ጋሼ፣ በዕድሜ ከእኔ በሚበልጥ ዕቃ ላይ ጊዜዬን እያባከንኩ ይሆን? በዚህ ማን ይቀጥረኛል?» ስቱዲዮ ልክፈት ወይ፣ ማስተርስ ልማር ወይ፣ አዲስ አበባ ልሂድ ወይ፣ እንግሊዝኛዬስ ይበቃል ወይ የሚሉ ጥያቄዎችም አክላለች።

እህት ዓለም፣ አብሽሪ። ጊዜሽን አላባከንሽም። ይህን ለማጽናናት አይደለም የምልሽ። ምክንያቴን ልንገርሽ።

መጀመሪያ እጅሽ የገባው ምን እንደሆነ አባትሽም ይስሙ። ካርዱ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አብዛኛው ሰው የሚያውቀው የጌም ድምፅ የሚያወጣ ዕቃ እንደሆነ ነው። ቺፑ ግን የመጣው ኢ-ሙ ሲስተምስ ከሚባል የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪ ቤት ነው። የሳውንድ ብላስተር ባለቤት ክሪኤቲቭ ያንን ቤት በ1993 ገዝቶታል። የቺፑ ስም ኢኤምዩ10ኬ1 ነው። ውስጡ ያለው፣ ድምፅን የሚለዋውጠው የኢፌክት ክፍል አንድን ፕሮግራም በሰከንድ 48,000 ጊዜ ከላይ እስከ ታች ይሄድበታል። ፕሮግራሙ ከ512 ትእዛዝ መብለጥ አይችልም። ወደ ኋላ ዞሮ መድገም የለም። የማካፈል ትእዛዝም የለውም። ዋናው ሥራው ሁለት ቁጥር አባዝቶ ከሦስተኛ ጋር መደመር ነው። አምራቹ ካርዱን በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ የሚያሠራውን ፕሮግራም (ድራይቨሩን) ኮድ በ1999 ክፍት አደረገው። ከዚያ በኋላ ሰዎች የፋብሪካውን ኢፌክት አውጥተው የራሳቸውን መጫን ቻሉ። አንዱ የጊታር ኢፌክት ይሠራበታል፤ ሌላው ለትልቁና ለትንሹ ስፒከር ድምፅ ይከፋፍልበታል። አንቺ ደግሞ ክራር ሠራሽበት።

አንዳንድ ተመራቂ በትልቅ ላፕቶፕ ላይ የሰው ኮድ ገልብጦ «ሲግናል ፕሮሰሲንግ (ድምፅን በቁጥር ማቀናበር) እችላለሁ» ይላል። አንቺ 512 ትእዛዝ ውስጥ ተጨናንቀሽ፣ ያለማካፈል፣ ያለ መመለስ ሠርተሻል። እያንዳንዷ መስመር ለምን እንደተጻፈች ታውቂያለሽ። ቀጣሪ ብሆን የምፈልገው እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ስለ ክራሩ የጻፍሽውን እዚህ ላይ ላንሳ፤ ስላስደሰተኝ ነው። የተጠቀምሽበትን ዘዴ ካርፕለስና ስትሮንግ የተባሉ ሁለት ሰዎች በ1983 ነው ያሳተሙት። አጭር ጫጫታ ወደ መዘግያ (ድምፁን ለአፍታ ይዞ ወደሚለቅ ክፍል) ትልኪያለሽ። የሚወጣውን ናሙና (በሰከንድ 48,000 ጊዜ ከሚመጡት የድምፅ ቁጥሮች አንዱን) ከጎረቤቱ ጋር አማካዩን ወስደሽ መልሰሽ ታስገቢዋለሽ። በዞረ ቁጥር እየለሰለሰ እንደተመታ ክር ይከስማል። እና «አንዱ ክር ይጎመዝዛል፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም» ብለሻል። ምክንያቱ ይህ ይመስለኛል። የምትፈልጊው 440 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 440 ንዝረት ከሆነ፣ 48,000ን ለ440 ብታካፍዪው 109.09 ናሙና ይመጣል። አንቺ መዘግያውን 109 አደረግሽው። ግን አማካይ መውሰዱ ራሱ ግማሽ ናሙና ይጨምራል። ክርሽ 109.5 ሆነ ማለት ነው፤ ድምፁ ወደ 438 ሄርዝ ወረደ። 108 ብታደርጊው ደግሞ 442 ላይ ይወጣል። መሀል ላይ መቆም አልቻልሽም። ወደ ቀጭኑ ክር በሄድሽ ቁጥር ይብሳል። 880 አካባቢ አንዲት ናሙና ብትቀንሺ ድምፁ በኪቦርድ ሁለት ጎን ለጎን ቁልፎች መካከል ያለውን ርቀት ሲሶ ያህል ይዘላል። ቺፑ በሁለት ናሙና መካከል ያለውን የሚገምት ኢንተርፕ የሚባል ትእዛዝ አለው። እሱን አስገቢበት፤ ይስተካከላል።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ባቲና አምባሰል የተባሉት ቅኝቶች የአገራችን የወሎ ስሞች ናቸው። ከገበያ የሚገዛ ኪቦርድ አሥራ ሁለቱን ድምፅ በእኩል ከፍሎ ነው የሚመጣው። ማሲንቆ የያዘ ሽማግሌ ግን በጆሮው ነው የሚቃኘው። አንቺ ክሩን ሽማግሌው ወደቃኘበት ቦታ ማምጣት ትችያለሽ። ይህን በተገዛ ኪቦርድ ላይ ማድረግ ቀላል አይደለም።

«ሙዚቃ ጨዋታ ነው» ለሚሉሽም አንድ ነገር ንገሪያቸው። በ1967 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጆን ቾውኒንግ የሚባል የሙዚቃ ሰው ኤፍኤም የተባለውን የድምፅ አፈጣጠር አገኘ። የአሜሪካ የኦርጋን ሠሪዎች አልፈለጉትም። የጃፓኑ ያማሃ ወሰደው። በ1983 ዲኤክስ7 የተባለው ኪቦርድ በዚያው ዘዴ ወጣ። በኋላም ርካሽ የኮምፒውተር ድምፅ ካርዶች ላይ የተለጠፈው የያማሃ ቺፕ የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ከዚያ ፈቃድ ብዙ ገንዘብ አግኝቷል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ማን ይቀጥረኛል» ላልሽው።

በድምፅ ካርድ ማንም አይቀጥርሽም። ካርዱ የሚሰካበት ፒሲአይ የሚባለው ቀዳዳ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ስቱዲዮ ልክፈት ወይ ያልሽውንም አሁን ተዪው፤ ብድር ያለበት ቤት ሁለተኛ ብድር አይሸከምም። ግን ያው ሥራ ሌላ ቦታ ይፈለጋል። ኮምቦልቻ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ አለ፣ የቢራ ፋብሪካ አለ፣ የብረታ ብረት አለ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ። እዚያ ሁሉ ሞተር ይዞራል። ሞተር ደግሞ ከመሞቱ በፊት ይናገራል።

እኔ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሬዲዮና ቴፕ ስጠግን ነው ያደግሁት። ከዚያ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ገባሁ። የኩሽኔታን (የሞተሩን ዘንግ የሚሸከመውን፣ ኳሶች ያሉትን ቀለበት) ድምፅ የተማርኩት በካቻቢቴ ነው። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮ አጠገብ አጥንት ላይ ታሳርፊዋለሽ። ጤነኛ ኩሽኔታ እንደ ዝናብ ያለ እኩል ድምፅ አለው። የተበላሸው ውስጥ ለውስጥ «ጠቅ፣ ጠቅ» ይላል። አንድ ሌሊት ፈረቃ ላይ ያንን «ጠቅ» ሰማሁ። ለአለቃዬ ነገርኩት። «እየዞረ አይደል? ተወው» አለኝ። በሦስተኛው ቀን ኩሽኔታው ያዘ፤ ሞተሩ ተቃጠለ፤ መስመሩ ቆመ። ማስረጃ የለኝም ነበር። የነበረኝ ጆሮዬ ብቻ ነው። የጀማሪ ቴክኒሻን ጆሮ ደግሞ ማን ያምናል?

አንቺ ማስረጃ ማቅረብ ትችያለሽ። ለዚህ ነው ደብዳቤሽ የነካኝ።

እንዲህ ነው። እኛ አገር መብራቱ 50 ሄርዝ ነው። የተለመደው ባለ አራት ፖል ሞተር ሸክም ይዞ በደቂቃ ወደ 1,450 ዙር ይዞራል። በሰከንድ 24 ዙር አካባቢ ማለት ነው። የኩሽኔታው የውጭ ቀለበት ላይ ጭረት ካለ፣ ኳሶቹ በላዩ ባለፉ ቁጥር አንድ ምት አለ። ዘጠኝ ኳስ ያለው ኩሽኔታ ከሆነ በግምት የኳሱን ቁጥር በዙሩ አባዢና 0.4ቱን ውሰጂ። በሰከንድ 86 ምት አካባቢ ይመጣል። ችግሩ ምቱ ከሞተሩ ጩኸት በታች ተደብቆ ይቀራል። ግን እያንዳንዱ ምት ብረቱን እንደ ደወል ያስጮኸዋል፤ ያ ጩኸት በብዙ ሺህ ሄርዝ ነው። ስለዚህ ወፍራሙን ድምፅ በማጣሪያ ትጥያለሽ። የቀረውን አሉታዊ ቁጥር ወደ አዎንታዊ ትቀይሪያለሽ። ከዚያ በሌላ ማጣሪያ ታለሰልሺዋለሽ። የተደበቀው ምት ብቻውን ይወጣል። ሦስቱም ከ512 ትእዛዝሽ ጥቂቱን ብቻ ነው የሚበሉት። የማሲንቆውን «ህምም» ያጠፋሽበት ማጣሪያ የዚህ ወንድም ነው፤ ከባዱን ክፍል ሰርጉ ላይ ጨርሰሽዋል።

ማድመጫው ፒዞ ነው፤ ከተበላሸ ጯሂ የማንቂያ ደወል ውስጥ የምታገኚው ክብ ነሐስ መሳይ ነገር። ሲመታ ቮልቴጁ ስለሚዘል ካርዱ እንዳይጎዳ ሁለት ዳዮድ ጎን ለጎን በተቃራኒ አቅጣጫ መግቢያው ላይ አድርጊ።

ስለ አባትሽ በግልጽ ልናገር፤ ቅር እንዳይላቸው። አባትሽ በአንድ ነገር ልክ ናቸው። ቤቱ ገንዘብ ያስፈልገዋል፤ አንቺም የሚገባ ደመወዝ ያስፈልግሻል። ዓመት ሙሉ ቤት ተቀምጠሽ ክራር መሥራት አትችዪም። ባንክ ብቻ ነው ሥራ የሚሉት ላይ ግን አልስማማም። ለጥቂት የባንክ ቦታ የአገሩ ተመራቂ ሁሉ ይሰለፋል። ፈተናውን ውሰጂ፤ እምቢ ማለት አያስፈልግም። ሕይወትሽን ግን በእሱ ላይ አታቁሚው። አባትሽ የሚፈሩት ገንዘቡን ብቻ አይመስለኝም። «ኢንጂነር ልጄ ቱታ ለብሳ ግሪስ ነክታ» መባልን ይፈራሉ። ይህ ፍርሃት ብዙ ጎበዝ ልጆችን ቤት አስቀምጦ አይቻለሁ። ሴት ልጅ ላይ ደግሞ እጥፍ ነው። ራሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ዱቄት ለብሰው ልጅ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ቱታ ውርደት አይደለም፤ እሳቸው ከማንም በላይ ያውቁታል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። በየፋብሪካው ጥገና ክፍል አመልክቺ። ቦታው በዲግሪሽ ልክ ባይሆን፣ ቴክኒሻን ቢሉሽም ግቢ። ከደሴ ወርደሽ በሚኒባስ መመላለስ ይቻላል። የቤት ኪራይ ስለማይኖርብሽ ከመጀመሪያው ደመወዝ ጀምሮ የአባትሽን ብድር ማገዝ ትችያለሽ። ማመልከቻው ላይ «የድምፅ ካርድ ፕሮግራም አደርጋለሁ» ብለሽ አትጻፊ። «የሞተር ኩሽኔታ ጉዳትን በድምፅ እለያለሁ» በዪ፤ ቀድቶ ማሳያም ያዢ። ማታ ማታ ደግሞ ያንኑ ፕሮግራም ወደ አንዲት ትንሽ የማይክሮኮንትሮለር (በአንድ ቺፕ ውስጥ ያለች ትንሽ ኮምፒውተር) ሰሌዳ አዛውሪው። ኤስቲኤም32 ከሚባሉት ኮርቴክስ-ኤም4 ያላቸው ማባዛትና መደመሩን በአንድ ትእዛዝ ይሠሩታል። እጅሽ ስለለመደው አይከብድሽም። ያኔ ኮምፒውተር ተሸክመሽ መዞር ይቀራል።

ሌሎቹን ባጭሩ። እንግሊዝኛሽ ይበቃል፤ የቺፑን ማኑዋል አንብበሽ የገባሽ ሰው ስለ እንግሊዝኛ አትጨነቂ። ማስተርሱ ሁለት ዓመት ይጠብቅ። አዲስ አበባም ሥራ ሳትይዢ አትሂጂ፤ ኪራዩ ይበላሻል። አረብ አገር ለሚሉት አክስትሽ በአክብሮት «አይሆንም» በያቸው። አምስት ዓመት ተምረሽ የሰው ቤት ለማጽዳት አልተመረቅሽም። የቤቱን ዕዳ እሳቸው የሚያስቡትን ያህል በፍጥነትም አይከፍለውም፤ ለጉዞው ራሱ ሌላ ብድር ይገባል።

ከማመልከቻው በፊት ግን አንድ ሥራ አለሽ። ቅርብ ነው፤ ሚኒባስም አያስፈልገውም። እሑድ ጠዋት እህል የሚያስፈጭ ሰው በማይበዛበት ሰዓት ኮምፒውተሩን ወፍጮ ቤት ይዘሽ ሂጂ። ሞተሩ ቆሞ፣ መብራቱ ጠፍቶ ሳለ ፒዞውን ከኩሽኔታው ቤት ላይ በደንብ አጣብቂው። ሽቦውን ከቀበቶው አርቂ፤ ነጠላሽን አውልቂ፤ ፀጉርሽን ሰብስቢ። ከዚያ አባትሽ ያስነሡት። አንድ ደቂቃ ባዶውን፣ አንድ ደቂቃ ጤፍ እየፈጨ ቅጂ። ፋይሉ ላይ ቀኑን ጻፊበት። በየወሩ መጀመሪያ እሑድ ድገሚው። የሦስት ወሩን ጎን ለጎን አድርገሽ ለአባትሽ በስፒከር አሰሚያቸው፤ ለእኔም ላኪልኝ። የሚጎመዝዘውንም የክራር ክር አስተካክለሽ አብረሽ ላኪው።