ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ሶኬት ከመቅበርህ በፊት

ወንድሜ፣ ደብረ ማርቆስ ባሠራኸው ቤት 43 ኢንች ቴሌቪዥን ግድግዳ ላይ ሰቅለሃል፤ የሚንጠለጠለው ገመድ ስላስጠላህ ሶኬቱን ከጀርባው መደበቅ ይቻል እንደሆነ ጠይቀሃል። ይቻላል። እኔ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ብዙ ቤት ገጥሜያለሁ። ሽቦ ከመግዛትህ በፊት ግን አንድ ነገር አስብ፦ ክረምት ሲገባ እንዴት አድርገህ ትነቅለዋለህ?

ነጎድጓድ ሲመጣ ቴሌቪዥን መንቀል እኛ ዘንድ ሕፃን ሳይቀር የሚያውቀው ነው። ሶኬቱን ከማንጠልጠያው ብረት መሀል ከቀበርከው፣ ለመንቀል ቴሌቪዥኑን ማውረድ ግድ ይልሃል፤ ያን ደግሞ ማንም አያደርገውም። ማብሪያ ማጥፊያ ይበቃዋል የሚሉህን አትስማ፤ በማጥፊያው ውስጥ ያለውን ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት መብረቅ ይዘለዋል። ስለዚህ ሶኬቱን ከቴሌቪዥኑ የታችኛው ጠርዝ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገህ ወደ አንዱ ጎን አስጠጋው። ከፊት አይታይም፤ እጅህን ከሥር ሰደድ አድርገህ ግን ታገኘዋለህ። ከጣሪያ የሚወርደውን የዲሽ ገመድም አብረህ ንቀል። ይህንን የምታደርገው ሰማዩ ከሩቅ ሲያጉረመርም ነው፤ መብረቁ አናትህ ላይ ከደረሰ በኋላ ገመድ አትንካ።

ጎን ላይ ይሁን የምልበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ቀጭኑ ማንጠልጠያ ብዙውን ጊዜ ከግድግዳው የሚያርቀው 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ የተለመደው መሰኪያ ከገመዱ መታጠፊያ ጋር ከዚያ ይበልጣል። ቡሬ አንድ ቤት ቴሌቪዥኑ በራሱ እየጠፋ እየበራ አስቸገረን ብለው ጠሩኝ። ሳወርደው መሰኪያው ተጨፍልቆ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል፣ የሶኬቱ ፊት እንደ ተቆላ ቡና ጠቁሯል። ግድግዳውን ስከፍተው ደግሞ ሁለት ሽቦ በእጅ ተጠማዞ፣ ናስትሮ ተጠቅልሎበት ጭቃው ውስጥ ተቀብሮ አገኘሁት። በዙሪያው ያለው ጭድ ከስሎ ነበር። ሌሊት ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚፈጠር ሳስበው ዛሬም ይዘገንነኛል። ከግድግዳ ውስጥ ሽቦ አይቀጠልም። ከሳጥን እስከ ሳጥን አንድ ወጥ ሽቦ ይሁን፤ መቀጠል ግድ ከሆነም ክዳኑ በሚከፈት ሳጥን ውስጥ፣ በብሎን በሚጠብቅ ማያያዣ ይሁን።

ሽቦው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ብሬከሩ 16 አምፔር ይሁን። ቴሌቪዥኑ ብቻውን በ220 ቮልት ከአንድ አምፔር በታች ነው የሚወስደው፤ ነገር ግን ሶኬት ካየ ሰው ነገ ካውያ ይሰካበታል። የመሬት መስመሩን ሦስተኛ ሽቦ አትተው። የዲሽ ገመዱን ከኤሌክትሪኩ ጋር በአንድ ቱቦ አታሳልፍ፤ የራሱ ቱቦ ይኑረው።

ግድግዳህ ብሎኬት ይሁን ጭቃ አልጻፍክም። ብሎኬት ከሆነ በመሮ ቀጥ ያለ መስመር ቆፍረህ ቱቦውን ታስገባለህ፤ አግድም ወይም ቁልቁል እንጂ ሰያፍ አትሂድ፤ ነገ ሥዕል ለመስቀል ትራፓኖ የሚይዝ ሰው ሽቦው የት እንዳለ መገመት አለበት። ባሕር ዛፍ ቆሞበት በጭቃ የተመረገ ከሆነ ግን አትቆፍረው፤ ምርጊቱ ይረግፍብሃል። በላዩ የሚለጠፍ የፕላስቲክ መሸፈኛ ተጠቅመህ ቀለም ቀባው። ማንጠልጠያውንም ቋሚ እንጨቱ ላይ እሰረው፤ ብሎን የሚገባበት የፕላስቲክ ፊሸር ጭቃ ውስጥ አይዝም። በጣትህ አንኳኳ፣ ድምፁ ደፈን የሚልበት ቦታ ላይ እንጨት አለ።

ከሁሉ በላይ የምለምንህ፦ «መብራት ጠፍቷል» ብለህ ሥራ አትጀምር። ብሬከሩን ራስህ አውርደህ፣ ማንም እንዳያነሣው ለቤተሰቡ ተናግረህ ጀምር። መብራት መቼ እንደሚመጣ ማንም አይነግርህም፤ ሽቦ በእጅህ ይዘህ ሳለህ ሊመጣ ይችላል። ቴስተሩን መጀመሪያ መብራት ባለበት ሌላ ሶኬት ሞክረው፤ የተበላሸ ቴስተር ባዶ ነው ብሎ ያታልልሃል። ይህንን ሥራ ከዚህ በፊት ካልሞከርከው ደግሞ ቁፋሮውን አንተ ሥራ፣ ማገናኘቱን ለባለሙያ ተውለት።

ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ሜትር ዘርግተህ መስመሩን በስልክህ ፎቶ አንሣው።