ከቀዶ ሕክምናው በፊት ያሉት ሦስት ወራት

ለወጣት የሙያ ልጆቼ፣

በሐረር ከተማ በፊዚዮቴራፒ ሙያ ከ30 ዓመት በላይ ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ አዳዲስ ተመራቂዎች አልፎ አልፎ ቤቴ ድረስ እየመጡ ስለ ሥራው ይጠይቁኛል። ጥያቄያቸው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ወገብና ስለ ጉልበት ነው፤ ስለ አውራ ጣት የጠየቀኝ ሰው ግን ትዝ አይለኝም። በሥራ ዘመኔ ክፉኛ የተሳሳትሁባት፣ ኋላም ብዙ የተማርሁባት ይህች አጭር ጣት ስለሆነች፣ ሳልጠየቅም ቢሆን ስለ እሷ ልጻፍላችሁ።

የአውራ ጣቷ ሥር የሚያማት እናት ቶሎ ሐኪም ቤት አትመጣም። «ብርድ ነው»፣ «ቁርጥማት ነው» እየተባለ ቅባት ይቀባላታል፣ በሻሽ ይታሰርላታል፤ እኛ ዘንድ የምትደርሰው ቁልፍ ማዞር፣ ጀበና ማንሣትና የታጠበ ልብስ መጭመቅ ሲያቅታት ነው። አብዛኞቹ የወር አበባቸው የቆመ፣ ዕድሜያቸው 50ን ያለፈ ሴቶች ናቸው። የሚያምዎት የቱ ጋ ነው ስትሏቸው፣ የሚጠቁሟችሁ አውራ ጣት ከእጅ አንጓ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ነው። በዚያ ቦታ ትራፒዚየም የሚባለው ትንሽ የአንጓ አጥንትና የአውራ ጣት የመጀመሪያው ረጅም አጥንት፣ ተገለባብጠው እንደተጋጠሙ ሁለት ኮርቻዎች አንዱ በሌላው ላይ ተቀምጠዋል። አውራ ጣት ዞሮ የሌሎቹን ጣቶች ጫፍ ሊነካ የቻለው በዚህ ቅርጽ ነው፤ ይህን ሁሉ እንቅስቃሴ አጥብቀው የሚይዙት ግን ጅማቶች ስለሆኑ፣ እነሱ ሲላሉ አጥንቱ ከኮርቻው እየተንሸራተተ ልምአጥንቱን፣ ማለትም የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነውን ለስላሳ ክፍል፣ ይበላዋል፤ በሽታው ኦስቲዮአርትራይተስ፣ የመገጣጠሚያ መበላት፣ ይባላል። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጫፍ የአንድ ኪሎ ያህል ብትቆነጥጡ፣ ከሥር ባለው መገጣጠሚያ ላይ የሚያርፈው ጫና ወደ 12 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። የባቢሌ ለውዝ ሲፈለፍሉ የሚውሉትን እናቶች ከዚህ ስሌት ጋር አስቧቸው።

ወደ ስሕተቴ ልምጣ። ጀጎል ውስጥ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሞሰብና በሰፌድ ስፌት የተዳደሩ አንዲት እናት፣ አውራ ጣታቸው ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልገው ተነግሯቸው፣ ለአዲስ አበባው ጉዞ ገንዘብ እስኪሞላላቸው ድረስ እኔ ዘንድ ተላኩ። በሙቅ ውሃ ከሚለሰልስ ፕላስቲክ አውራ ጣታቸውን እስከ አንጓቸው የሚይዝ ጠንካራ መደገፊያ ሠራሁላቸው። ጠርዙ የተስተካከለ፣ ልኩ ያልተዛነፈ፣ እኔም በልቤ የኮራሁበት ሥራ ነበር። ከወር በኋላ እጃቸው ባዶ ሆኖ መጡ።

«የት አደረጉት?» አልኋቸው።

«ልጄ፣ እሱን አድርጌ ወስፌ መያዝ አልቻልኩም። ወስፌ ካልያዝኩ ምን እበላለሁ?»

አፈርሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ስለ ጣታቸው ስጠይቃቸው፣ ጣቱ ውሎውን ምን ሲሠራ እንደሚውል አንድም ጊዜ አልጠየቅኋቸውም ነበር። በማግሥቱ ቤታቸው ሄድሁ። ግድግዳው በስፌት ተሸፍኗል፤ እሳቸው መደቡ ላይ ተቀምጠው የጀመሩትን ሰፌድ ጭናቸው ላይ አደረጉና መስፋት ጀመሩ። የወስፌው እጀታ ከእርሳስ የማይወፍር፣ ከመያዝ ብዛት የተሞረደ እንጨት ነው። ወስፌውን ሲወጉ የአውራ ጣታቸው መካከለኛ አንጓ ወደ ኋላ ይቀለበሳል፣ ሥሩ ደግሞ ወደ ውጭ ጉብ ይላል፤ ከዚያ አክርማውን በቀዳዳው አሾልከው በሁለት ጣት ቆንጥጠው ይስባሉ፤ እንደገና ይወጋሉ። ሰዓት ይዤ ብቆጥር በደቂቃ 11 ጊዜ ወጉ። በሕክምና ክፍሉ ውስጥ ሳላየው የቀረሁት በሽታ እዚያ መደብ ላይ ቁልጭ ብሎ ታየኝ።

እጀታውን በብስክሌት የውስጥ ጎማ ቁራጭ ጠቅልለን እንደ ወፍራም ሻማ አደረግነው፤ እጀታ በወፈረ መጠን መዳፍ ሸክሙን ይካፈላል፣ ቁንጥጫውም ይላላል። አክርማውን በጣት ጫፍ ከመሳብ ይልቅ መዳፋቸው ላይ አንድ ዙር ጠቅልለው በክንዳቸው ኃይል እንዲስቡ ተለማመድን። አክርማውን ቀድሞ ከለመዱት የበለጠ ማርጠብ እንደሚሻል ያመለከቱት ግን ራሳቸው ናቸው፤ ይህ በየትኛውም የትምህርት ክፍል ለእኔ አልተነገረኝም። ጠንካራው መደገፊያ የሌሊት ሆነ፤ ለቀኑ አንድ የቆዳ ሠራተኛ የጣቶቹን ጫፍ ነጻ የሚተው፣ ሥሩን ብቻ አቅፎ የሚይዝ የለሰለሰ ቆዳ ሰፋልን። ጠዋት ጠዋት እጃቸውን ለብ ባለ ውሃ ነክረው፣ በአውራና በሌባ ጣት መካከል ያለውን የተኮማተረ ጡንቻ ያሻሉ፤ ከዚያ ብርጭቆ የያዙ ይመስል ጣቶቻቸውን አጉብጠው መክፈት፣ ሌባ ጣትንም በሌላው እጅ ላይ ወደ ጎን መግፋት ይለማመዳሉ። ይህች የመጨረሻዋ እንቅስቃሴ የምትገነባው ጡንቻ አጥንቱን ወደ ኮርቻው የሚመልስ ስለሆነ፣ ቀላል መስላ ብትታያችሁ አትናቋት። በሦስተኛው ወር ሕመሙ አልጠፋም፤ ቁልፋቸውን ግን በራሳቸው ያዞሩ፣ ሌሊትም ይተኙ ነበር። ለጉዞ ያጠራቀሙትን ገንዘብ ለልጃቸው ሠርግ አዋሉት።

ይህ ሥራ ስሙ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ነው። «የሥራ ሕክምና» ብለን ስንተረጉመው ሥራ የሚያስቀጥር መሥሪያ ቤት የሚመስለው ሰው ስላጋጠመኝ፣ እኔ ለሕመምተኞቼ «የእጅዎን ውሎ የምናቃናበት ሕክምና» እላቸው ነበር። በአገራችን ሙያው በዲግሪ ደረጃ መሰጠት የጀመረው በቅርብ ዓመታት በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እኛ የቀደምነው ግን ከፊዚዮቴራፒው እየቆነጠርን፣ ሐረር አጠገብ ባለው የቢሲዲሞ ሆስፒታል የሥጋ ደዌ ሕመምተኞችን ጣት ሲያቃኑ ከኖሩት አንጋፋዎችም እያየን ነው የተማርነው።

ማስረጃ ትፈልጉ ይሆናል፤ ደግ ታደርጋላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ አንድ የስዊድን ጥናት፣ ለዚሁ ቀዶ ሕክምና ወረፋ የያዙ 33 ሰዎችን የመያዣ መሣሪያዎችና የእጅ አጠቃቀም ምክር፣ ለከፊሎቹም መደገፊያ ሰጥቶ ሲከታተል፣ ከ7 ወር በኋላ 23ቱ ቀዶ ሕክምናው እንደማያስፈልጋቸው ተገኘ፤ በቀጠሉት 7 ዓመታትም ከእነሱ ውስጥ ቀዶ ሕክምናውን የፈለጉት ሁለት ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ሕክምናውን ያልተቀበለ ማነጻጸሪያ ቡድንም አልነበረውም፤ ስለዚህ ከሚገባው በላይ አታጋንኑት። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው፣ 112 ሰዎች የተሳተፉበት የፈረንሳይ ጥናት የሌሊት መደገፊያን ከተለመደው ክትትል ጋር አነጻጽሮ ነበር። በአንድ ወር ምንም ልዩነት አልታየም፤ በ12ኛው ወር ግን መደገፊያውን ያደረጉት ሰዎች ሕመም በግልጽ ቀንሶ ተገኝቷል። እኔ ይህን ጥናት የምወደው በወር ውስጥ «አልሠራም» ብለው መደገፊያውን ለሚጥሉ ሕመምተኞችና ለሚቸኩሉ ባለሙያዎች የማሳየው ነገር ስለሰጠኝ ነው።

ራጁም እንዳያስደነግጣችሁ። መገጣጠሚያው አልቆ አጥንት ለአጥንት ሲፋተግ በፊልሙ እያየን፣ ሰውዬው ብዙም ሳይታመም ሥራውን ሲሠራ አይቻለሁ፤ ተቃራኒውንም እንዲሁ። ይልቅስ ከመደገፊያው በፊት በሽታው ራሱ ያ መሆኑን አረጋግጡ፦ ሌሊት ጣት የሚያደነዝዝ ከሆነ በአንጓ ውስጥ የታፈነ ነርቭ ሊሆን ይችላል፤ ሕመሙ ከጣቱ ሥር ከፍ ብሎ በአንጓው ጎን ካለ ደግሞ የጅማት ሽፋን እብጠት ይሆናል፤ በሁለቱም እጅ ብዙ መገጣጠሚያ አብጦ ጠዋት ለረጅም ሰዓት የሚገትር ከሆነ ሳትዘገዩ ወደ ውስጥ ደዌ ሐኪም ላኩ።

ከዚህ ሁሉ የቀዶ ሕክምና ጠላት የሆንሁ እንዳይመስላችሁ። ትራፒዚየምን ማውጣት እ.ኤ.አ. በ1949 ከተገለጸ ጀምሮ ብዙ እጆችን ከሕመም ያሳረፈ ሕክምና ነው፤ ነገር ግን የወጣ አጥንት አይመለስም፣ እጁም ለሳምንታት ታስሮ፣ ኃይሉ የሚመለሰው በወራት ነው። መኪና ግርግር በሚባለው የሐረር የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ የሚሠራ አንድ ልብስ ሰፊ ነበረኝ፤ መደገፊያውንም ልምምዱንም ስድስት ወር ሙሉ ሳያጓድል ሞክሮ፣ ሕመሙ ከእንቅልፉ መቀስቀሱን ስላልተወው፣ ለቀዶ ሕክምና እንዲላክ ደብዳቤውን የጻፍሁት እኔው ነኝ። ጀሶው ሲፈታ ተመልሶ የመጣው ወደ እኛው ነው፤ መደገፊያውም ልምምዱም እንደገና ተጀመረ። በዚህኛው ጊዜ ግን መጀመሪያ ያልሁት «መቀስህን ይዘህ ና» ነበር። ከባድ ጥቁር የብረት መቀስ ይዞ መጣ። መቀሱን በአየር ላይ አንጠልጥሎ ከመቁረጥ ይልቅ የታችኛውን ስለት ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ እየገፋ መቁረጥን ተለማመደ። በአራተኛው ወር የመጀመሪያውን ሱሪ ቆርጦ ሰፋ፤ ወፍራም ካፖርት ለመቁረጥ ግን አሁንም ልጁን ነው የሚጠራው።