ሁለተኛውን ገጽ ሳታነቡ አትተዉት

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ቢሮዬ መጣች። ቁጭ እንኳ ሳትል ስልኳን ዘረጋችልኝ። ስክሪኑ ላይ አንድ ፖስተር አለ። ለአንድ ሴሚስተር ሌላ አገር ሄዶ ለመማር የሚያስችል የልውውጥ ፕሮግራም ነው።

«መምህር፣ ይሄ ለእኔ የሚሆን አይመስለኝም፤ አይደል?» አለችኝ።

መልሱን ይዛ ነው የመጣችው። ከእኔ የፈለገችው ማረጋገጫ ብቻ ነበር። እኔ ግን ወዲያው መመለስ አቃተኝ። «ነገ ጠዋት ተመለሺ» ብዬ ሸኘኋት። ከወጣች በኋላ ሥራ መሥራት አልቻልኩም። ያቺን አነጋገር አውቃታለሁ። ከ28 ዓመት በፊት እኔው በልቤ ብያታለሁ። ያልኩት ግን ስለ ራሴ አልነበረም። ስለ ሌላ ሰው ነበር።

ይህንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አሁን የምጽፈው ለተማሪዋም፣ እንደሷ ለሚያስቡ ሁሉም፣ እንዲሁም አዲስ ለተቀጠራችሁ ወጣት መምህራንና ሠራተኞች ነው።

ያኔ 33 ዓመቴ ነበር። የኬሚስትሪ ዲፓርትመንት አስተባባሪ ሆኜ ከተሾምኩ ገና ስድስት ወሬ። በዚያ ዘመን ዕድል የሚመጣው በፖስታ ነው። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ይገባል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ዲኑ ጋ ይሄዳል። ዲኑ ጥጉ ላይ ሁለት ቃል ጽፈው ወደ እኔ ይመሩታል። እኔ ሰሌዳ ላይ ከለጠፍኩት ሰው ያየዋል። ካልለጠፍኩት ግን አልመጣም ማለት ነው። ያ ምን ያህል ሥልጣን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም ነበር።

ላቦራቶሪያችን ውስጥ አንድ ቴክኒሽያን ነበሩ። በዕድሜ ብዙ ይበልጡኛል። ጋሼ ነበር የምላቸው፤ እሳቸውም አንተ ይሉኛል። ተማሪ ሳለሁ የመጀመሪያውን ቢውሬት፣ ፈሳሽ በጠብታ የሚለካበትን የመስታወት ቱቦ፣ አያያዝ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ያላቸው ዲፕሎማ ነው። እጃቸው ግን ሌላ ነገር ነበር። አንድ ያረጀ ስፔክትሮፎቶሜትር ነበረን፤ ብርሃን በፈሳሽ ውስጥ አልፎ ምን ያህሉ እንደተዋጠ የሚለካ መሣሪያ ነው። በየሴሚስተሩ ቀጥ ይላል። ጋሼ ክዳኑን ፈትተው፣ አዲሱን አምፖል በንጹሕ ጨርቅ ይዘው ያስገቡታል። በባዶ ጣት አይነኩትም። «የጣት ቅባት ከቀረበት ሲግል ይሰነጠቃል» ይሉኝ ነበር። ጥቁር ልባስ ያለው ደብተርም ነበራቸው። የእያንዳንዱ መሣሪያ ብልሽት፣ ቀኑ፣ ምን እንደተደረገለት፣ በደቃቅ ጽሑፍ ተመዝግቦበታል። ከዚያ ደብተር የተማርኩትን ያህል ከብዙ መጽሐፍ አልተማርኩም።

አንድ ቀን ደብዳቤ መጣ። ለላቦራቶሪ ባለሙያዎች የሦስት ወር የመሣሪያ ጥገና ሥልጠና፣ ውጭ አገር፣ ወጪው ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ። ሁለት ገጽ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ሳነብ በአእምሮዬ የመጣው የእሳቸው ፊት ነበር። ወዲያው ደግሞ ሌላ ሐሳብ ተከተለ። ዲግሪ የላቸውም። እንግሊዝኛቸውም ያን ያህል አይደለም። ሦስት ወር ከሄዱስ ላቦራቶሪውን ማን ይይዘዋል?

ዛሬ ሳስበው እውነተኛዋ ምክንያት ሦስተኛዋ ናት። ሁለቱ ለሷ መሸፈኛ ነበሩ። «ለእሳቸው የሚሆን አይመስለኝም» ብዬ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ሌላ የሚሆን ሰው ስለሌለም ሰሌዳ ላይ አልለጠፍኩትም። ሁለተኛውን ገጽ አላነበብኩም።

ከአራት ወር በኋላ ቢሮ ቀየርኩ። ጋሼ ጠረጴዛውን ሊያግዙኝ መጡ። እንዲቀልለን መሳቢያዎቹን አውጥተን ወረቀቱን ወለሉ ላይ እየደረደርን ነበር። ዞር ስል እሳቸው ጎንበስ ብለው አንድ ወረቀት ይዘዋል። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። የመጀመሪያውን ገጽ አነበቡ። ገለጡ። ሁለተኛውንም አነበቡ። አንድ መሥመር ላይ ጣታቸውን አሳርፈው ቆዩ።

በኋላ ያችን መሥመር አነበብኳት። የትምህርት ደረጃ መስፈርት አይደለም፤ በላቦራቶሪ ውስጥ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሠሩ ቅድሚያ ያገኛሉ ትላለች። ጋሼ ያኔ 14 ዓመት ሠርተዋል።

«ቀኑ አልፏል» አሉ፤ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላውቅም። ወረቀቱን በነበረበት እጥፋት መልሰው አጠፉትና ዘረጉልኝ። «ይሄ ይጣል ወይስ ይቀመጥ?»

«ይቀመጥ» አልኩ። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልወጣኝም። እሳቸው የጠረጴዛውን አንድ ጫፍ ያዙ፣ እኔ ሌላውን ያዝኩ፤ ተሸክመን ወጣን።

በማግሥቱ ጠዋት ላቦራቶሪ ስገባ እንደ ወትሮው አምፖል እየቀየሩ ነበር። ቀና ብለው «እንደምን አደሩ» አሉኝ። ከዚያን ቀን በፊት «እንዴት አደርክ» ነበር የሚሉኝ። ጡረታ እስከወጡበት ቀን ድረስ አንድም ጊዜ አንተ ብለው አልጠሩኝም። ሌላ የተቀየረ ነገር የለም። ሥራቸውን አላጓደሉም፣ አልተቀየሙኝም፣ ለማንም አልከሰሱኝም። እርስዎ ብቻ ሆንኩ። አክብሮት እንዲህ እንደሚያም ያኔ ነው ያወቅኩት።

የሽኝታቸው ዕለት ንግግር ያደረግኩት እኔ ነበርኩ። ስለ ትጋታቸው፣ ስለ ደብተራቸው፣ ስላቆዩልን መሣሪያ ተናገርኩ። ስለዚያ ደብዳቤ አልተናገርኩም። ወረቀቱ እስከ ዛሬ እኔ ጋ አለ።

ተማሪዋ በማግሥቱ ስትመጣ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ሁለተኛው ገጽ የታለ?» የሚል ነበር። አልገባትም። ፖስተሩ ሥር ሊንክ ነበር። አልከፈተችውም። አንድ ጓደኛዋ ቴሌግራም ላይ የላከላትን ስክሪንሾት ብቻ ነው ያየችው። በነገራችን ላይ ስክሪንሾት ሊንክ አይከፍትም። ቁጭ ብለን ፈልገን ከፈትነው። ዝቅተኛው ውጤት ተጽፏል፤ የሷ ከዚያ በላይ ነው። ከጠቅላላው ነጥብ ግማሹ የሚሰጠው ለምን መሄድ እንደምትፈልግ ለምትጽፈው ደብዳቤ ነው። ፖስተሩ ላይ የነበረው ግን የሚስቁ ቆንጆ ልጆች ፎቶ ነው። እሷም ራሷን ከነሱ ጋር አወዳድራ ነበር የመጣችው።

የዘመኑን ልጆች እንደ ብዙ እኩዮቼ አልወቅስም። በአንድ ነገር ከእኛ ትበልጣላችሁ፤ ያገኛችሁትን አትደብቁም። አንዱ ያየውን በደቂቃ ለ200 ሰው ያካፍላል። እኛ ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ የምንከት ትውልድ ነበርን። የምታስቀይሙኝ በሌላ ነው። ትሰበስባላችሁ እንጂ አታነቡም። ስልካችሁ ውስጥ 40 ማስታወቂያ ተቀምጦ አንዱ እንኳ እስከ መጨረሻ አልተነበበም። ቴሌግራም ላይ «ሴቭ» ማድረግና ማመልከት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

እስከ መጨረሻ ማንበብ ምን እንደሚለውጥ አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። የእንግሊዝ መንግሥት ቺቭኒንግ የሚባል የማስተርስ ስኮላርሺፕ አለው። ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ይህን አንብበው «እኔ ተቀጥሬ አላውቅም» ብለው የተዉትን ብዙ አውቃለሁ። ዝርዝሩ ውስጥ ግን ሁለት ዓመቱ በሰዓት ተተምኖ 2,800 ተብሎ ተቀምጧል። የትርፍ ሰዓት ሥራ፣ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት፣ ክፍያ የሌለው ኢንተርንሺፕም ይቆጠራል። በበጎ ፈቃድ ሲያስጠና የኖረ ልጅ ሰዓቱን ቢደምር ከሚገምተው በላይ ሊሆን ይችላል።

ሠራተኞችም ስሙኝ። የአውሮፓ ኅብረት ኢራስመስ ፕላስ የሚባለው የልውውጥ ፕሮግራም ለተማሪ ብቻ ይመስላችኋል። ለሠራተኛም አለው። መምህር ብቻ አይደለም፤ የአስተዳደር ሠራተኛና ቴክኒሽያን ሳይቀር እስከ ሁለት ወር ለሥልጠና መሄድ ይችላል። መሥሪያ ቤታችሁ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ጋር ስምምነት ካለው ማለት ነው። ስምምነት መኖሩን የዓለም አቀፍ ግንኙነት ቢሮውን ሄዳችሁ ጠይቁ። ማንም መጥቶ አይነግራችሁም። እኔ ራሴ አልነገርኩም፤ አይደል?

ኢራስመስን ካነሳሁ ሶፊያ ኮራዲን ሳላነሳ አላልፍም። ጣሊያናዊት ነበረች። ወጣት ሳለች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ፉልብራይት የሚባለውን የአሜሪካ ስኮላርሺፕ አግኝታ ኒው ዮርክ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማረች። አገሯ ስትመለስ ያ ትምህርት አይቆጠርልሽም ተባለች። ሌላ ሰው ቢሆን ተናዶ ይተወው ነበር። እሷ ግን በሌላ አገር የተማሩት ትምህርት በአገር ቤት እንዲቆጠር ዓመታት ሙሉ ስትሟገት ኖረች። ከዚያ ሙግት ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1987 ኢራስመስ ተጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት የሄዱት ከ11 አገሮች የመጡ 3,244 ተማሪዎች ነበሩ። ዛሬ የሄዱት በሚሊዮን ይቆጠራሉ። በልውውጥ የምትሄዱ ሁሉ ግን የሷን ችግር ልብ በሉ። እዚያ የምትወስዱት ኮርስ እዚህ እንደሚያዝላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት በጽሑፍ አስፈርሙ። በቃል የተባለ ነገር ስትመለሱ አይገኝም።

ስለ ሪኮመንዴሽን አንድ ነገር ልጨምር፤ በየዓመቱ የሚያናድደኝ ስለሆነ ነው። ነገ ዴድላይን ሆኖ ዛሬ ማታ አትጠይቁ። ሦስት ሳምንት ስጡን። ስትጠይቁም ሲቪያችሁን፣ የማመልከቻውን ረቂቅና ማስታወቂያውን አብራችሁ ላኩ። በአንድ ማታ የሚጻፍ ደብዳቤ ስማችሁ ቢቀየር ለሌላ ሰውም ይሆናል። መራጮቹ ያንን ወዲያው ያውቃሉ። የመጨረሻው ሰዓት በየትኛው አገር አቆጣጠር እንደሆነም እዩ። በሰዓት ልዩነት የቀሩ ልጆች አጋጥመውኛል፤ ሲያለቅሱም አይቻለሁ።

ካምፓስ ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ዝግጅቶች አትናቁ። ሴሚናር፣ የፖስተር ቀን፣ የውጭ እንግዳ ሌክቸር። ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ደግሞ የሦስት ደቂቃ ቴሲስ የሚባለውን ውድድር እወደዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 አውስትራሊያ ውስጥ ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነው። ያኔ ግዛቲቱ ድርቅ ላይ ነበረች። ሰዉ ውኃ ለመቆጠብ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ የሦስት ደቂቃ የአሸዋ ሰዓት ይሰቅል ነበር። ሐሳቡም ከዚያ መጣ። የዓመታት ጥናታችሁን በሦስት ደቂቃ፣ በአንድ ስላይድ ብቻ፣ ሙያችሁን ለማያውቅ ሰው ትናገራላችሁ። እኔ በወጣትነቴ እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር ኖሮ የመድረክ ፍርሃቴ 20 ዓመት ባልተከተለኝ ነበር።

ይህን ስል ሁሉም ቦታ ተገኙ ማለቴ አይደለም። ምንም እንዳያመልጣችሁ ስል የቆየሁት ሰውዬ ራሴ ይህን ማለቴ ይጋጭ ይሆናል። ግን ደግሞ 17 የዎርክሾፕ ሰርተፍኬት ይዞ ከአንዱም ምን እንደተማረ መናገር ያቃተው ልጅ ቃለ መጠይቅ አድርጌ አውቃለሁ። በጣም አዘንኩለት። ምሳና ሰርተፍኬት ላለው ሳይሆን ጥያቄ ላላችሁበት ዝግጅት ሂዱ። ከሄዳችሁም አንድ ጥያቄ ሳትጠይቁ አትውጡ።

ለወጣት አስተባባሪዎችና ኃላፊዎች አንድ ልመና አለኝ። እጃችሁ ላይ የገባውን ማስታወቂያ ሁሉ አውጡት። ማን እንደሚመጥን መራጮቹ ይወስኑ። የምትፈሩት ሰውዬው ሲሄድ ሥራው እንዳይጎዳ ከሆነ፣ ፊት ለፊት ንገሩትና አብራችሁ መላ ፈልጉ። የኔ ላቦራቶሪ ሦስት ወር ቢዘጋ እንኳ ተመልሶ ይከፈት ነበር።

ተማሪዋ ትናንት የደብዳቤዋን ረቂቅ ላከችልኝ። ጥሩ ትጽፋለች። ስለ ውኃ ጥራት የሠራችውን ፕሮጀክት ስትገልጽ ናሙናውን ለመውሰድ በሌሊት ተነሥታ እንደሄደች ሁሉ ጽፋለች። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ግን «ምናልባት ለዚህ ዕድል የምመጥን ላልሆን እችላለሁ» ይላል። ያንን ሰርዢው ብዬ መለስኩላት። ማታ ሁለተኛውን ረቂቅ ላከችው፤ አሁን የሚጀምረው ከሌሊቱ ጉዞ ነው። የመዝጊያው ቀን ገና አሥራ ሁለት ቀን ይቀረዋል።

ደብዳቤዋን አንብቤ ስጨርስ የጋሼን ስልክ ፈለግኩ። ልጃቸው አነሳ። ቅዳሜ ቤት እንደሚገኙ ነገረኝ። ያንን ወረቀት ይዤ እሄዳለሁ።