የአድዋ ነው የአምስቱ ዓመት?

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ሰነበቱ። ዶሮ ማነቂያ የነበረው ቤታችን ሊፈርስ ዕቃ ስናወጣ ከሴት አያቴ ሣጥን ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ አገኘን። ዝጓል፣ ጥይት የለውም። አፈሙዙ ስምንት ማዕዘን ነው። ምላጩን የሚከልል ቀለበት የለውም፣ ምላጩ ራሱ ወደ ፊት ይታጠፋል። ጎኑ ላይ የላቲን ፊደልና 1894 የሚል ቁጥር አለ። እናቴ «ቅድመ አያትህ አድዋ ላይ ከጣሊያን ኮሎኔል የማረከው ነው» ትላለች። አጎቴ ይስቅባታል። «አድዋ በ1888፣ ሽጉጡ በ1894! ያልተሠራ ሽጉጥ ይማረካል እንዴ?» ይላል። እሱ እንደሚለው ወንድ አያቴ በአምስቱ ዓመት በአርበኝነት ያገኙት ነው። ነገሩ በየበዓሉ እያጨቃጨቀን ነው። እውነቱን እንዴት ላግኝ? በማን በማን እጅ እንዳለፈስ ይታወቃል?
*የዶሮ ማነቂያ ልጅ*

መልስ፦ አጎትህን ሳቁን ትንሽ ቆጥብ በለው። የጣሊያን ፋብሪካ በእኛ አቆጣጠር ዓመት አይመታም። 1894 የፈረንጅ ነው፤ በእኛ 1886 ወይም 1887 ይሆናል። አድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው። ስለዚህ ሽጉጡ ለአድዋ ደርሷል፤ ከፋብሪካ ወጥቶ፣ መርከብ ተሳፍሮ ምፅዋ ለመግባትም ጊዜ ነበረው። በዚች የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት ስንት ቤተሰብ ሲጣላ አይቻለሁ መሰለህ።

እናትህም ግን ገና አላሸነፉም።

የገለጽከው ሽጉጥ ቦዴዮ የሚባለውን፣ የጣሊያን ጦር በ1889 እንደ ፈረንጅ የተቀበለውን ይመስላል። ጥይቱ 10.35 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለት ዓይነት አለው። አንዱ ክብ አፈሙዝና የምላጭ መከለያ ያለው ሲሆን እሱ የመኮንን ነው። ሌላው አንተ እንዳልከው አፈሙዙ ስምንት ማዕዘን፣ ምላጩ ታጣፊ፣ መከለያ የሌለው፤ ይህ ለተራ ወታደርና ለበታች ሹም የተሠራ ነው። እንግዲህ «ኮሎኔሉ» እዚህ ላይ ትንሽ ይንገዳገዳል። በእርግጥ በጦርነት መሀል ሰው ያገኘውን ይታጠቃል፣ ኮሎኔልም ቢሆን። ግን በቤተሰብ ወሬ ውስጥ የተማረከ ሰው ማዕረጉ በየትውልዱ ከፍ ማለቱን ታውቃለህ። መቶ አለቃ የነበረው ልጅ ልጅ ጋ ሲደርስ ጄኔራል ይሆናል። አድዋ ላይ ደግሞ በሕይወት የተማረከው ጄኔራል አልቤርቶኔ ብቻ ነው፤ አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ እዚያው ሞተዋል።

ዋናው ችግር ሌላ ነው። ይህ ሽጉጥ ዕድሜው ረጅም ነው። ጣሊያን በ1928 ሲወረን አሁንም በጦሩ እጅ ነበር፤ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነትም አገልግሏል። በ1887 የተሠራ ሽጉጥ መጋዘን ከርሞ ከአርባ ዓመት በኋላ ማይጨው ሊዘምት፣ ወይም አንድ የጣሊያን ዘብ ወገብ ላይ ተንጠልጥሎ አዲስ አበባ ሊገባ ይችላል። ብረቱ የተሠራበትን ዓመት ይነግርሃል፤ በማን እጅ እንደነበረ ግን አይነግርህም። ተራ ቁጥሩም ቢሆን የፋብሪካ ቁጥር ነው፣ የሰው ስም የለበትም።

ስለዚህ የሰው አሻራ ፈልግ። እጀታው ላይ ወይም ማኅደር ካለው ቆዳው ላይ የተጫረ ስም፣ መስቀል፣ ማኅተም አለ? ሽጉጡ የተጠቀለለበት ጨርቅ ምንድን ነው? ጨርቁን ጥለኸው እንዳይሆን ብቻ! ሣጥኑ ውስጥ የነበረውን ወረቀት ሁሉ አንድ በአንድ እይ፤ የድሮ የመሣሪያ ፈቃድ፣ የርስት ክርክር ወረቀት፣ የአርበኝነት ሜዳይና የምስክር ወረቀቱ። ሜዳዩ ላይ ዘንባባ ካለ ቁጠረው፤ «ባለ አምስት ዘንባባ» ሲባል የሰማኸው በዱር የቆዩበትን ዓመት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከተገኘ የአጎትህ ወሬ ይጠነክራል።

ከዚያ ሰዎቹን ጠይቅ። እናትህንና አጎትህን አንድ ላይ አይደለም፣ ለየብቻ፤ አንድ ላይ ከሆኑ የምትሰማው ጭቅጭቁን ነው። «ሽጉጡ ከየት መጣ?» አትበል። «መጀመሪያ ያየሽው መቼ ነው? ማን እጅ ላይ? የት ይቀመጥ ነበር? ቅድመ አያቴ የዘመቱት በማን ጦር ሥር ነው?» በል። በማን ጦር ሥር እንደነበሩ ካወቅህ የዘመቻውን መንገድ ከመጽሐፍ ጋር ማመሳከር ትችላለህ። ለዚህ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት አለልህ። ወመዘክርም ሂድ፤ ከነፃነት በኋላ በ1933 የጀመረውን አዲስ ዘመን የመጀመሪያ ዓመታት አገላብጥ፣ የአያትህ ስም ባይገኝ እንኳ የአለቃቸው ስም ሊገኝ ይችላል። የጥንታዊት ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማኅበርንም ጠይቅ።

አንድ ነገር አደራ። እንዳትወለውለው። አንድ የማውቀው ሰው የአባቱን ሽጉጥ «ላሳምረው» ብሎ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው። አበራው፣ እውነት ነው። ምልክቱንም ዓመቱንም አብሮ አጠፋው። ደረቅ ጨርቅ ይበቃል፤ ፎቶውን ከመስኮት አጠገብ፣ ብርሃን ከጎን ሲመታው አንሳ፣ የደበዘዘ ፊደል እንደዚያ ነው ጎልቶ የሚወጣው።

አሁን ደስ የማይለው ክፍል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። «አሮጌ ነው፣ ዝጓል፣ አይተኩስም» ብለህ በራስህ አትወስን። ሽጉጡን ቤት ትተህ ባዶ እጅህን ፖሊስ ጣቢያ ሂድና እንዴት እንደተገኘ አስረዳ፣ የሚሉህንም አድርግ። በቦርሳ ይዘኸው ፒያሳ ለፒያሳ እንዳትዞር። «እስቲ አንድ ሰብሳቢ ላሳየው» የሚልህ ጓደኛ ካለም አትስማው። ከአገር ማውጣት ደግሞ ጭራሽ አታስበው፤ ቅርስ ሊሆን የሚችል ዕቃ ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም።

እስካሁን በነገርከኝ ብቻ ፍረድ ካልከኝ ዓመቱ ለእናትህ መንገድ ከፍቷል፣ ዓይነቱ ኮሎኔሉን አሳንሷል፣ አጎትህም ገና አልወደቁም። ከእጀታው ሥር ያለውንና የጽሑፉን ፎቶ ላክልኝ፣ እንቀጥላለን። ፎቶ ነው ያልኩት። ሽጉጡን ራሱን ይዘህ እንዳትመጣ፤ የግቢያችን ጥበቃ ቀልድ አያውቁም።